የሩብ ድምፅ ፊት

ሰባተኛውን ብረት በመበየጃው ጫፍ አሞቅሁት። ከሥሩ ያለው ሙጫ እስኪለሰልስ ጠበቅሁና በጉጠቱ ብድግ አደረግሁት፤ እንጨቱን ሳይቦጭቅ ወጣ። አንድ ጊታር አንገቱ ላይ አስራ ዘጠኝ ብረቶች አሉት። ጣት ከየትኛው ኋላ ሲያርፍ የትኛው ድምፅ እንደሚወጣ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ዕድሜዬን የኖርኩት እነሱን ስተክል ነው፤ ስነቅል ይህ የመጀመሪያዬ ነበር።

"አያመውም?" አለ ኢንዳሌሲዮ። በሩ ላይ ቆሟል፤ መግባት አልፈለገም።

"ማንን?"

"ጊታሩን ነዋ።"

"እሱማ ዝም ብሏል። አንተን ነው የሚያምህ።"

ጊታሩን የሠራው አባቴ ነው፤ ያሠራው ደግሞ የኢንዳሌሲዮ አባት። ኢንዳሌሲዮ እዚህ ግራናዳ፣ ከኮረብታው ላይ ካሉት ዋሻዎች በአንዱ ውስጥ ለቱሪስት ይጫወታል፤ ሃያ ስድስት ዓመት፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ያንኑ ዝግጅት በዚያው ቅደም ተከተል። መጨረሻ ላይ እንግዶቹ ያጨበጭባሉ፤ ሁልጊዜ ምቱን ስተው። "ጣቶቼ ሳይሞቱ ከዚያ ጉድጓድ መውጣት አለብኝ" ይለኛል በየፋሲካው።

ዘንድሮ መውጫው መጣለት። "ሁለቱ ዳርቻዎች" የተባለው ፌስቲቫል ከሞሮኮ፣ ከቴቱዋን ከተማ ከሚመጣ የዑድ ተጫዋች ጋር አጣመረው። ዑድ አንገቱ ላይ ብረት የሌለው የዐረቦች ባለ ክር መሣሪያ ነው። ዓርብ የሚደረገው ልምምድ ከተወደደ ሁለቱ አስራ አንድ ከተማ ይዞራሉ። የፌስቲቫሉ ኃላፊ ቤጎኛ ትባላለች፤ ከሰሜን፣ ከቢልባኦ ነው የመጣችው፤ እኛ ግራናዳዎች ስለ ራሳችን የማናውቀውን ሁሉ ታውቃለች። የዐረቦች ነፍስ ያለችው በሩብ ድምፅ ውስጥ ነው አለችው፤ በሁለት አጎራባች ድምፆች መካከል ተሸሽጋ። ያንተ ጊታር ግን ብረት የታጠረበት እስር ቤት ነው፤ ነፃ እናውጣው አለችው።

"ዑድ ተጫዋቹንስ ጠይቀኸዋል?" አልኩት ስምንተኛውን እያሞቅሁ።

"ምኑን ነው የምጠይቀው? ዐረብ አይደለም እንዴ?"

አስራ ዘጠኙንም ነቀልኩ። ክፍተቶቹን በጥቁር እንጨት ስንጥር ሞላሁ፣ አጣበቅሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስሁ። የቤጎኛ ሰው መጥቶ ፎቶ አነሳው። ባዶው አንገት በየግድግዳው ላይ ተለጠፈ፤ የኢንዳሌሲዮ ስም ከሥሩ በትንንሽ ፊደል ነበር።

ዑድ ተጫዋቹ ሲ መፈዳል የመጡት ሰኞ ጠዋት ነው፤ "ሲ" በእነሱ አገር "አቶ" እንደ ማለት ነው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ከራቫታቸውን ያሰሩ ሰው ናቸው፤ ስፓኒሽ ሲናገሩ ከእኛ ይልቅ እሳቸው ቃሉን ሳይውጡ ይጨርሱታል። ለእኔ አንድ ሳጥን የለውዝ ኩኪስ ሰጡኝ። ጊታሩን አንስተው አንገቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ፤ ወደ ላይ፣ ከዚያ ወደ ታች።

"ሌባ ገብቶባችሁ ነው?" አሉ።

"ለእርስዎ ብዬ ነው፣ ሲ መፈዳል" አለ ኢንዳሌሲዮ፣ ደረቱን ነፍቶ። "የእርስዎን ሩብ ድምፅ እንድጫወት።"

"የእኔን ምን?"

"ሩብ ድምፅ።"

ሲ መፈዳል ጊታሩን ቀስ ብለው ጠረጴዛዬ ላይ አጋደሙት። "ልጄ፣ እሱ የምሥራቆቹ ነው። የካይሮ፣ የደማስቆ። እኛ ቴቱዋኖች አባቶቻችን ከዚሁ ከእናንተ ሰፈር ሲባረሩ ይዘውት የሄዱትን ነው የምንጫወተው፤ እሱ ውስጥ ሩብ የለም። ኦርኬስትራችን ውስጥ እኮ ከአያቴ ዘመን ጀምሮ ፒያኖ አለ። ፒያኖ ላይ ሩብ ከየት ይመጣል?"

"ታዲያ እርስዎ ምን አስበው ነበር?"

"ቅኝቶቻችን ብረትህ ላይ ልክ ይገጥማሉ ብዬ ነዋ። እሺ ያልኩትም ለዚሁ ነው።"

ኢንዳሌሲዮ በርጩማ ፈልጎ ተቀመጠ። ወደ እኔ ዞረ። "አንጉስቲያስ፣ መልሺያቸው።"

"የአንገቱን ፊት እንዳለ መቀየር ነው። አስር ቀን። ሌላ ጊታር ላውስህ።"

"ባዶው አንገት ከተማው ሁሉ ላይ ተለጥፎ ሌላ ይዤ ልውጣ?"

ኩኪስ አቀረብኩለት።

ሰው እንዳይሰማቸው ብለው እኔው ሱቅ ውስጥ መለማመድ ጀመሩ። ብረት የሌለው ጊታር ድምፁ አፍ በእጅ ይዞ እንደሚያወራ ሰው ነው፤ ጣት የፀጉር ስንጣቂ ታህል ከሳተች ደግሞ ይኮመጥጣል። አንድ ክር ሲሆን ይቻላል፤ አራቱን ባንድ ላይ ሲመታቸው ግን አራት ጎረቤት የተጣላ ይመስላል።

"ምን ፍለጋ ነው?" ይሉታል ሲ መፈዳል። "በጨለማ ጫማውን የሚፈልግ ሰው ትመስላለህ።"

"ጫማውን ያገኘሁ መስሎኝ ነበር።"

"የጎረቤትህን ነው ያገኘኸው።"

ረቡዕ ቤጎኛ መጣችና የእንጨት ቁልል ላይ ተቀመጠች። ኢንዳሌሲዮ ከድንጋጤው የተነሳ ከመጀመሪያው ድምፅ ጀምሮ ሳተ። በሳተ ቁጥር ፊቱ ይጨማደዳል፣ አንገቱ ይጣመማል፣ ዓይኑ ይጨፈናል። እሷም ዓይኗን ጨፈነች። እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

"ሩቡ!" አለች። "ሰማችሁት?"

"ሰማሁት" አሉ ሲ መፈዳል። "ጆሮዬ በፈቃዴ አይዘጋም።"

"እርስዎ ግን ትንሽ... ቀጥ አሉብኝ፣ ሲ መፈዳል። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ቴቱዋን ድረስ የአውሮፓ ተጽዕኖ ገብቶ ይሆን? ኢንዳሌሲዮ ወደ ሥሩ ተመልሷል። እርስዎም አብረውት ቢመለሱ ደስ ይለኛል።"

እሷ ስትወጣ ሲ መፈዳል ዑዳቸውን በሻሽ ጠቅልለው ሳጥኑ ውስጥ ከተቱ። "ወደ አገሬ መመለሻው፣ የአልሄሲራስ ወደብ አውቶቡስ፣ ከሰዓት በኋላ ነው" አሉ።

"ምንዎ ይጎዳል?" ኢንዳሌሲዮ ሳጥኑ ላይ እጁን ጫነ። "ወዳዋለች! አስራ አንድ ከተማ ነው! እኔ እየሳትኩ እርስዎ እየቻሉኝ እንዞራለን።"

"መምህሬ አንዷን ሐረግ አንድ ክረምት ሙሉ ደጋግመው አስጠንተውኛል፤ አንተ ዛሬ በአንድ ደቂቃ የሠራኸውን እንዳልሠራ ብለው። ይህን ውሸት አስራ አንድ ከተማ ተሸክሜ አልዞርም።"

"እሺ፣ ይሂዱ። እኔ ወዴት ልሂድ? ወደ ዋሻው? በዚህ አንገት እኮ ዋሻውም አይቀበለኝም።" እጁን ከሳጥኑ ላይ አነሳ። "የአባቴን ጊታር ያስነቀልኩት እዚያው እንዳልሞት ብዬ ነው።"

ሲ መፈዳል ኮፍያቸውን አውልቀው መላጊያዬ ላይ ሰቀሉት።

"መግቢያዋን ተጫወትልኝ" አሉ። "ቀስ ብለህ። እኔ በአፌ እሰጥሃለሁ፣ አንተ ታገኘዋለህ።"

ያን ቀንና በማግሥቱ እስከ ምሳ ይህንኑ አደረጉ። ሽማግሌው ያንጎራጉራሉ፣ ኢንዳሌሲዮ ይፈልጋል፣ ያገኛል፣ ያጣል፣ እንደገና ያገኛል። ሐሙስ ከቀትር በፊት እኔ የጎን ሳንቃ እያለሰለስኩ ነበር። መላጊያዬ መቆሙን ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ዑዱ አንዷን ሐረግ ይጀምራታል፣ ጊታሩ ከመሐል ይቀበለዋል፤ ብረት ስለሌለ ከድምፅ ወደ ድምፅ የሚሻገረው ሳይዘል፣ ተንሸራቶ ነው፤ የሚያርፈው ግን ትክክለኛው ቦታ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ነገር እዚህ ሱቅ ውስጥ ተሰምቶ አያውቅም። ኢንዳሌሲዮ ባቄላ እንደሚፈለፍል ሰው ረጋ ብሎ ተቀምጧል።

ቤጎኛ ለአስር ደቂቃ ብቅ ያለችው ያኔ ነው።

"አንድ ነገር ጠፍቷል" አለች፣ ጨርሰው ሲያበቁ። "ፀዳብኝ። ረቡዕ የነበረው... ያ ቁስል የታለ?" ለኢንዳሌሲዮ አዝና ትከሻውን ነካችው። "ነገ ካልተመለሰ ሌላ ሰው ማሰብ ሊኖርብኝ ነው። ከቤይሩት የመጣ አንድ ወጣት አለ።"

በሩ ሲዘጋ ኢንዳሌሲዮ ሳቀ። ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም። "በሕይወቴ አንዴ በትክክል ተጫወትኩ፤ እሱም አባረረኝ።"

እኔ በሥራ ቦታዬ ብዙ አላወራም። ያን ቀን ግን ያየሁትን ተናገርኩ። "ድምፁን አይደለም እኮ የምትሰማው፣ ፊትህን ነው። ረቡዕ ፊትህ ተጨማድዶ ነበር፤ ዛሬ አልተጨማደደም።"

ሁለቱም አዩኝ።

"ልጄ" አሉ ሲ መፈዳል ለእኔ፣ ከዚያ ወደ ኢንዳሌሲዮ ዞሩ። "በል፣ ተጨማደድ።"

"እንዴት አድርጌ?"

"ትክክለኛውን ድምፅ ምታ፣ ፊትህን ግን አሳምመው።"

ሞከረ።

"እሱ የጥርስ ሕመም ነው።"

እንደገና ሞከረ።

"እሱ ደግሞ ሆድ ድርቀት። ረጋ በል። አማትህ ለሦስት ወር ልትከርም መጣች፤ ደስ ብሎኛል እያልክ በሩን ትከፍትላታለህ። ያንን ፊት ስጠኝ።"

"ኧረ አማቴን ይተዉልኝ!"

"ይኸው! አገኘኸው! ከንፈርህን ብቻ ተው።"

ከሰዓቱን ሁሉ ሲለማመዱ የዋሉት ፊት ነው። ሲ መፈዳልም መታጠቢያ ቤቱ ያለችውን ትንሽ መስታወት አውርደው ፊት ለፊታቸው አቆሙ፤ ቅንድባቸውን ወደ ላይ፣ አገጫቸውን ወደ ጎን፣ ራሳቸውን ዝግ አድርገው መነቅነቅ። ከኢንዳሌሲዮ በለጡት። "ሰባ አንድ ዓመት ሙሉ" አሉ መስታወቱን እያዩ፣ "ይህ ተሰጥኦ እንዳለኝ አላወቅሁም ነበር።"

ዓርብ አዳራሹ ውስጥ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥኩ። አንድም ድምፅ አልሳቱም። ሁለቱም ግን ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የሆነ ትልቅ ሐዘን ከወገባቸው እስከ ቅንድባቸው እየወጣ ይመስል ተወዛወዙ። ቤጎኛ አለቀሰች፤ የውነት ነው ያለቀሰችው። መጨረሻ ላይ ተነስታ አቀፈቻቸው፣ የአስራ አንዱንም ከተማ ውል ፈረመች። ወደ እኔም መጥታ እጄን በሁለት እጇ ያዘች። "እርስዎ ባይነቅሉት ይህ ሩብ አይወለድም ነበር" አለችኝ።

"እንዲያው ግድ የለም" አልኩ።

ውጭ ደረጃው ላይ ኢንዳሌሲዮ ጊታሩን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። የፈለገውን ያገኘ ሰው ፊት አልነበረም ያየሁበት።

"አንዱንም አልሰማችም" አለ። "ያን ያህል ለፍቼ።"

"እኔ ሰምቼሃለሁ" አሉ ሲ መፈዳል። ከጎኑ ተቀመጡ፣ ከራቫታቸውን አላሉ። "ሦስተኛዋ ሐረግ ላይ ትንሽ ቸኩለሃል።"

ቅዳሜ ጠዋት ኢንዳሌሲዮ ሱቄ ገባ። በሩ ላይ አልቆመም።

"ችግር አለ፣ አንጉስቲያስ። ፊቱን ስሠራ ዓይኔ ይጨፈናል። ዓይኔ ሲጨፈን አንገቱን አላይም። ትናንት ያዳነኝ ዕድሌ ነው፤ ዕድል ደግሞ አስራ አንድ ከተማ አብሮኝ አይዞርም።"

"ዓይንህን ገልጠህ ተጨማደድ።"

"ሞክሬዋለሁ። ሲ መፈዳል ፖሊስ ያየ ሰው ትመስላለህ አሉኝ።"

አሰብኩ። ከአጥንት ቁርጥራጭ ሦስት ፍሬ አወጣሁ፤ የምስር ፍሬ ያህል እስኪሆኑ ሞረድኳቸው። የአንገቱ ላይኛ ጠርዝ፣ ከታዳሚው በኩል የማይታየው፣ አውራ ጣቱ የሚሄድበት ቦታ ላይ ሦስት ጉድጓድ ሰረሰርኩ፤ አምስተኛው፣ ሰባተኛውና አስራ ሁለተኛው ድምፅ ባለበት። አንድ ጠብታ ሙጫ፣ አንድ አጥንት። ከጠርዙ ትንሽ ብቅ እንዲሉ ተውኳቸው፤ ሲታዩ የሉም፣ ሲዳሰሱ አሉ።

ኢንዳሌሲዮ ዓይኑን ጨፍኖ አውራ ጣቱን በላያቸው ላይ ሳበ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ፊቱ አልተጨማደደም።

"ሙጫው እስኪደርቅ አትንካው" ብዬ ነጠቅሁት። የተረፈውን ሙጫ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግሁ፣ ጊታሩን ከመስኮቱ አጠገብ ካለው ሰቀላ ላይ ሰቀልሁትና ያቆምኩትን የጎን ሳንቃ አነሳሁ።