የጠቦቱ ጉበት

ከደሴ የመጣው ባለሥልጣን ጓድ አዳነ እጁን ከበጉ ላት ስር ሰዶ መዘነና ፈገግ አለ። ሁለተኛውንም ጨበጠው፤ ወደደው። የሦስተኛውን ሽንጥ ዳበሰና ለሹፌሩ በአገጩ ጠቆመው።

"እነዚህ ይውጡ። የዚያኛው በረት በጎች አጥንት ናቸው" አለ።

የበሽታ ምርምር ጣቢያው ሠራተኛ ሙላቱ ባልዲውን እንደያዘ በበረቱ በር ላይ ቆሞ ሰማው። አጥንት የተባሉት ክትባቱን ያልጠጡት በጎች ናቸው። የጠጡት የሰቡት ሦስቱ ብቻ ናቸው። ሁለቱም ወገን ክረምቱን ሙሉ የበሉት ከአንድ ረግረግ የታጨደ ሣር ነው፤ የጉበት ትል ያለበት ሣር። ዛሬ ሁሉም ታርደው፣ ጉበታቸው ከአጎራባቹ ግራና በመጡት ገበሬዎች ፊት ሊከፈት ነበር። ገበሬዎቹም ከማለዳ ጀምረው ከጣቢያው አጥር ውጭ፣ ከግራሩ ጥላ ስር ተቀምጠው ይጠብቃሉ።

ሙላቱ የጣቢያውን ኃላፊ ዶክተር ካሳሁንን ወደ ጎን ጠራው።

"ዶክተር፣ እነዚህ የሙከራ በጎች ናቸው እኮ።"

"መቼ ጠፋኝ? እንግዶቹ ግን ከደሴ ድረስ የመጡ ናቸው፤ ምን ብዬ ልመልሳቸው? ሥጋውን ይብሉት፣ እኛ ጉበቱን እንወስዳለን።"

"ጉበቱን ነዋ መጀመሪያ የሚበሉት። ያውም በጥሬው።"

"እስቲ ልንገራቸው" አለ ዶክተሩ። ሳይነግራቸውም ቀረ።

ሙላቱ ይህን ሥራ ወዶት አያውቅም። ከመርሳ ወጣ ብሎ ወንዝ ዳር ባለው በዚህ ጣቢያ ጧት ጧት የበግ በጠጥ በወንፊት ያጥባል፤ ከረግረጉ ትሉን የሚያዛምተውን ቀንድ አውጣ ይለቅማል፤ የሞተ በግ ይበልታል። ሽታው ከልብሱ አልፎ ፀጉሩ ውስጥ ገብቶበታል፤ ወልድያ ሲሄድ አውቶቡስ ላይ አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ፊቱን ወደ መስኮት ያዞራል። እሱም ራሱን ቢሆን ይጸየፋል። ያም ሆኖ የያዘውን ነገር ያውቀዋል። ከሰባ ሰባቱ ድርቅ የተረፈው ሰው እንደምንም አንድ ሁለት በግ ገዝቶ እንደገና መኖር ሲጀምር፣ በጎቹ መንጋጋቸው ስር ውሃ እየቋጠሩ፣ እየከሱ፣ አንድ ቀን ጧት በረት ውስጥ ተጋድመው ይገኛሉ። ሆዳቸው ሲከፈት ጉበታቸው የትል ጎጆ ሆኗል።

ክትባቱን ማስረዳት ነበር ጭንቁ። ክትባቱ ራሱ ትል ነው። አዲስ አበባ ላይ በጨረር የተመታ የትል ዕጭ በበረዶ ሣጥን ይመጣል፤ በጉ ይጠጣዋል። ወሬው ግራና የደረሰ ዕለት "መንግሥት በጎቻችን ውስጥ ትል እየዘራ ነው" ተባለ። ያን ጊዜ እማማ ሲቲ ጆሮው ጫፍ ላይ ጥቁር ነጥብ ያለበትን ጠቦታቸውን እየጎተቱ ጣቢያው ድረስ መጡ። በድርቁ ባላቸውንና ከብታቸውን ያጡ ሴት ናቸው፤ የቀሯቸው ሁለት እናት በጎችና ይኸው ጠቦት ነበሩ።

"ትል ነው አሉ የምታጠጣው፤ እውነት ነው?" አሉት።

"እውነት ነው እማማ። ግን የደከመ ትል ነው፣ ጉበት ውስጥ ገብቶ አያድግም። የበጉ ሰውነት በሱ ይለማመድና ያልደከመው ትል ሲመጣ ይገድለዋል።"

"ወላሂ ይሄ ነገርህ አልገባኝም። ጠቦቱን ውሰደው። ክረምቱ ሲወጣ አርደህ ጉበቱን በዓይኔ ካሳየኸኝ እናቶቹንም አመጣልሃለሁ። ያገሬም ሰው እኔን አይቶ ያመጣል።"

ያገራቸው ሰው ዛሬ ከሳቸው ጋር መጥቶ ጥላው ስር ተቀምጧል። እሺ ካለ ክትባቱ ለግራና በጎች ሁሉ ይላካል፤ እምቢ ካለ ሙከራው እዚሁ ያበቃል። አሁን የከሱትን ብቻ ከፍቶ ቢያሳያቸው ደግሞ የሚያዩት ትል ብቻ ነው። "ይኸው፣ የዘራው በቀለ" ብለው ይሄዳሉ። ማን ይፈርድባቸዋል?

ከሦስቱ ሁለቱ ታረዱ። ሃይማኖት ኋላ ቀርነት ነው እያሉ በየስብሰባው የሚያስተምሩት እንግዶች፣ ቢላዋ ሲወጣ የአራጁን ስም ጠየቁ። አንዱን የጣቢያው ዘበኛ አብዱልሐሊም ለእስላሞቹ፣ ሌላውን ሹፌሩ ለክርስቲያኖቹ አረደ። ሁለት ትሪ ጥሬ ጉበት በየወገኑ ቀረበ።

ሙላቱ አዳራሹ ውስጥ ሲገባ ጓድ አዳነ እያኘከ ስለ እንስሳት ሀብት ልማት ይናገር ነበር። ከከንፈሩ ጥግ የወረደው ደም አገጩ ላይ ከሚጥሚጣ ጋር ተላቁጧል። ጣቱን ይልሳል፣ ያንኑ ጣት እንደገና ትሪው ውስጥ ይከታል። የበግ በጠጥ ሲያጥብ የኖረው ሙላቱ ዓይኑን ከጣቱ ላይ ነቅሎ ተጠጋው።

"ጓድ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ጉበቱን ገበሬዎቹ ሊያዩት ነበር የመጡት" አለ።

"ገበሬ ጉበት አይቶ አያውቅም?" አለ ጓድ አዳነ፤ እንግዶቹ ሳቁ። "ይልቅ የኛ አልቋል፤ አታይም?"

የክርስቲያኖቹ ትሪ ተጠርጓል። ከእስላሞቹ ትሪ ላይ ግማሽ ጉበት ሳይነካ ተቀምጧል፤ ጓድ አዳነ ግን ወደዚያ ዓይኑንም አልላከ።

"ከነዚያ ከከሱት የአንዱን አምጣልን" አለ። "በግ ቢከሳ ጉበቱ አይከሳም።"

ሙላቱ ዶክተር ካሳሁንን አየው። ዶክተሩ አፉን ከፈተና በጠላ ዘጋው።

"እሺ ጓድ" አለ ሙላቱ።

ሹፌሩ አንዱን ከሲታ በግ አረደለት። ጉበቱ ጠጥሮ፣ ገርጥቶ፣ የሐሞት ቧንቧዎቹ እንደ ጣት ወፍረው ወጡ። ሙላቱ ሳይቆርጥ እንዳለ ነጭ ትሪ ላይ አስቀመጠው፤ ሚጥሚጣ በጎኑ ጨመረ፤ ወስዶ ጓድ አዳነ ፊት አኖረውና በቢላዋ ከመሃል ሰነጠቀው።

ትሎቹ ከቡናማ ዝቃጭ ጋር ተግተልትለው ወጡ። ጠፍጣፋ፣ ቅጠል መሳይ፣ ነፍስ ያላቸው ናቸው። ትሪው ላይ ይኮማተራሉ፣ ይዘረጋሉ። አንዱ እየተንፏቀቀ ሚጥሚጣው ውስጥ ገባ። ጓድ አዳነ የሚያኝከውን አቆመ፤ ሊውጠውም ሊተፋውም አልቻለም። አንደኛው እንግዳ አፉን ይዞ ወደ ውጭ ሮጠ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ያዘዙኝ ጉበት ነው ጓድ። ያልተከተበ በግ ጉበት ይኼን ይመስላል። ቅድም የበሉት የተከተበው ነው።"

"በምንድን ነው የተከተበው?"

"በትል" አለ ሙላቱ።

ያን ጊዜ ጓድ አዳነ እጁ ላይ አስመለሰ። አዳራሹ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ከረግረጉ የባሰ ገማ። ሙላቱ ከእስላሞቹ የተረፈውን፣ አሁን ማንም የማይፈልገውን ግማሽ ጉበት ከነትሪው፣ የትሉንም ትሪ አንሥቶ ወጣ። ደስ ብሎት ነበር፤ ደስ በማለቱም ራሱን ታዘበው፣ ሰው ሲያስመልስ ደስ የሚለው ሰው ሆኖ ማየቱ ቀፈፈው።

ዶክተር ካሳሁን በሩ ላይ ደረሰበት።

"ተመለስና ይቅርታ ጠይቅ። ተሳስቼ ነው በል። አሻጥር ነው ብለው ይጽፉብሃል እኮ፤ ጦር ግንባር ነው የሚልኩህ።"

ሙላቱ ትሪዎቹን እንደያዘ አልፎት ሄደ። ከግራሩ ስር ሁለቱን ትሪ መሬት ላይ አስቀመጠ። ገበሬዎቹ የትሉን አይተው ፊታቸውን አዞሩ። እማማ ሲቲ ግን ቁጢጥ ብለው ግማሹን ጉበት አነሡ፤ ሚጥሚጣውን አራገፉ፤ ቧንቧውን በአውራ ጣታቸው ከዳር እስከ ዳር ጨመቁት። ከደም በቀር የወጣ ነገር የለም።

"ንጹሕ ነው" አሉ።

"ነገርኩዎት እኮ እማማ።"

"የማን በግ ጉበት ነው?"

"ከተከተቡት የአንዱ ነው።"

"ነው ትላለህ። ከገበያ የገዛችሁት ይሁን፣ አላህ ያውቃል። ደሞ ግማሽ ነው፤ በበሉት በኩል ምን እንደነበር ማን አየ?" ጉበቱን ወደ ትሪው መለሱት። "አንተ አሳይሃለሁ ያልከኝ የኔን ጠቦት ነው። የኔ ጠቦት የታለ?"

ሙላቱ ቀና አለ። ሹፌሩ የሰባውን ሦስተኛ በግ ደሴ ላለው የእንግዶቹ አለቃ ስጦታ ሊሆን ከላንድሮቨራቸው ኋላ ጠፍሮ ጭኖታል። እማማ ሲቲም አዩት፤ ጆሮው ጫፍ ላይ ያለችውን ጥቁር ነጥብ አላጧትም።

"ያውና" አሉ ቀስ ብለው።

ከአዳራሹ በር ላይ ጓድ አዳነ አፉን በመሐረብ እየጠረገ የሙላቱን ስም ይጠራል፤ ዶክተር ካሳሁንም ከጎኑ ሆኖ በእጁ ና፣ ና ይለዋል። ሙላቱ ሁለቱንም አያቸው። ከዚያ ወደ መኪናው ሄዶ የኋላውን በር ከፈተ። ሹፌሩ ገመዱን ድርብ አድርጎ ነው ያሠረው፤ በደምና በሐሞት የተነከረው ጣቱ ቋጠሮው ላይ እየተንሸራተተ አስቸገረው።

"እማማ፣ አብዱልሐሊምን ይጥሩት፤ ቢላዋውን ይዞ ይምጣ" አለና ጎንበስ ብሎ ቋጠሮውን በጥርሱ ያዘው።