በሙሾው መካከል የገባው ቆርቆሮ

አቶ ዘርጋው የማተሚያ ቤታቸውን በር ሊዘጉ ቁልፍ ሲያወጡ፣ ወይዘሮ የሺመቤት ደጁ ላይ ቆማ አገኟት። ነጠላዋን አሁንም ጥለቱን ወደ አንገቷ አዙራ፣ እንደ ሐዘንተኛ ለብሳለች። ግቢ ቢሏት አልገባም አለች።

"ጋሼ ዘርጋው፣ የእድራችን ዳኛ ናቸው ብዬ ነው ካሜራዎን ድንኳኔ ያስገባሁት። ቤይሩት ያለችው ልጄ የወንድሟን ለቅሶ ትይ ብዬ።"

"አውቃለሁ፣ የሺ።"

"ታዲያ በመካከል ቆርቆሮ የሚሸጠው ማነው?"

"ነገ አየዋለሁ" አሏት።

"ነገ? እኔ እዚያ ውስጥ ዛሬም እያለቀስኩ ነው እኮ" አለችና ቁልቁለቱን ወረደች።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የደሴ ሰው መጽሔት መግዛት ከተወ ወዲህ የአቶ ዘርጋው ማተሚያ ቤት ሊዘጋ ተቃርቦ ሳለ፣ አንድ የአዲስ አበባ የቴክኖሎጂ ድርጅት ደረሰላቸው። አሳታሚዎች በኢንተርኔት የሚያሳዩትን ቪዲዮ እየተቀበለ ማስታወቂያ ያስገባበታል፣ ከገቢውም ያካፍላቸዋል። የንብ አናቢውን፣ የሸማኔውን፣ የሽማግሌዎቹን ወግ እያሳዩ ሠራተኞቻቸውን ከመበተን አዳኑ። የየሺመቤት ልጅ የሰው ጣሪያ ሲመታ ወድቆ በሞተ ጊዜ ግን፣ ለእህቱ የተቀረጸውን ለቅሶ ለብቻዋ በመላክ ፈንታ ለሁሉ በሚታየው ገጻቸው ላይ አወጡት። ለእሷም በቀላሉ ይደርሳታል አሉ። ለሌላም ነገር እንደሚጠቅም ልባቸው ያውቅ ነበር። እናቲቱ በዚያ ለቅሶ እንዲህ ብላ ነበር፦

የጣሪያዬን ሽንቁር ደፍኖ ሄደ ልጄ፣
ዝናቡስ ከዓይኔ ነው የሚወርድ በደጄ።

የመጀመሪያውን ስንኝ ጨርሳ ትንፋሽ ስትስብ፣ ማስታወቂያ የሚመርጠው የድርጅቱ የኮምፒውተር መሣሪያ "ጣሪያ" የሚለውን ቃል ለይቶ የቆርቆሮ ማስታወቂያ ሰነቀረበት። አንድ ሰው እየሳቀ በመዶሻ ቆርቆሮ እየመታ ይዘፍናል። ሁለተኛው ስንኝ የሚሰማው እሱ ሲያበቃ ነው።

የሺመቤት ደጃቸው በቆመችበት ቀን ከሰዓት በኋላ፣ እሷ ከመምጣቷ በፊት ደግሞ የድርጅቱ ሠራተኛ ሜላት ደውላ ነበር። "ጋሼ፣ እንኳን ደስ አለዎት! እንደ ለቅሶው የታየልን የለም። ሌሎች ለቅሶዎች ካሉ ይላኩልን፤ ነገ ውሉን እናሰፋዋለን።" እሳቸውም "እሺ" አሏት። እራታቸውን ሳይቀምሱ አልጋቸው ላይ ሲገላበጡ ያቃጠላቸው ይህ "እሺ" ነበር። በዚያው ሸለብ አደረጋቸው።

በሕልማቸውም መሰላል በትከሻው የተሸከመ፣ መዶሻ በቀበቶው የሰካ፣ ምስማር በከንፈሩ የያዘ አንድ ጎልማሳ መጣ። ምስማሮቹን ወደ መዳፉ ተፍቶ "ይነሱ፣ መንገድ አለብን" አላቸው።

"አንተ ማነህ?"

"ስሜን በመጨረሻ እጠይቅዎታለሁ።"

ዛፍ ወደሌለበት፣ ሣሩ ሁሉ ተረግጦ አፈር ወደ ሆነበት ሜዳ አወጣቸው። ሜዳውን የለቅሶ ድንኳን ሞልቶታል፤ ዳር የለውም። በየድንኳኑ ደጅ ነጋዴዎች ሳሙናቸውን፣ ዘይታቸውን፣ ቆርቆሯቸውን ታቅፈው ያደፍጣሉ። ውስጥ አንዲት ሴት ስታለቅስ ጸጥ ይላሉ፤ ትንፋሽ ስትስብ ሁሉም በአንድነት ይጮኻሉ። በዚያ አገር ሐዘኑን የጨረሰ ሰው አልነበረም፤ እንባው ሊወርድ ሲል እየተቋረጠ በዓይኑ ደርቆ ቀርቷልና። በየመግቢያውም መጋረጃ ገልጠው የያዙ፣ ካፖርት የለበሱ የተከበሩ ሽማግሌዎች ቆመዋል። ካፖርቱ የአቶ ዘርጋውን ይመስላል።

"እነዚህስ ምን ይሠራሉ?"

"መጋረጃ ይገልጣሉ። ነጋዴ ብቻውን ድንኳን አይገባም፤ የታመነ ሰው ሊከፍትለት ይገባል።"

አቶ ዘርጋው ተቆጡ። "ቃሉን የመረጠው መሣሪያው ነው! እኔ ምን አደረግሁ?"

"መሣሪያው የሰማው ቃል ነው፤ እርስዎ የሰሙት ሙሾ ነው። ከሁለታችሁ ለቅሶ የሚያውቀው ማን ነበር?"

አቶ ዘርጋው አንገታቸውን ደፉ። ጎልማሳውም እጃቸውን ይዞ ዳገት አወጣቸውና ከማዶ ሌላ አገር አሳያቸው። የገዛ ከተማቸው ደሴ ናት፤ ነገር ግን ተለውጣለች። የተዘጉት ማተሚያ ቤቶች ተከፍተው መስኮታቸው ይበራል። ሸክላ ሠሪዋ ጭቃ ስትለውስ፣ ገበሬው ስለ ዘር ሲያስተምር ገጠርም ከተማም ያያቸዋል። ማስታወቂያውም አልጠፋም፤ ግን እንደ ጨዋ እንግዳ ከአጥር ውጭ ድምፅ ያሰማል፣ ይግባ ሲባል ይገባል፣ ወግ አያቋርጥም። በአንዱ ቤት ሜላት ራሷ ከአንዲት ባልቴት አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች።

"እማማ፣ ይኼ ለሰው ይታይ?"

"ይታይ። እዚያች ጋ ግን አፌ ተጣሟል፤ እሷን አውጪልኝ።"

"እሺ። ከመጀመሪያው ላይስ የሳሙና ማስታወቂያ ይግባ?"

"ይግባ! ፊትሽን ታጠቢ ለማለት ካልሆነ" ብላ ባልቴቷ ሳቀች። "ድርሻዬንም እንዳትረሺ።"

"ከድርሻዎማ ማን ይነካል!"

አቶ ዘርጋው ከዚያ የመሣሪያውን ሥራ ተመለከቱ። ጥለቱ ወደ አንገት የዞረ ነጠላ ባየ ቁጥር ዝም ይላል፤ ሐዘንተኛዋ እስክትጨርስ አንዳች ነገር አያስገባም።

"ይህን ማን አስተማረው?"

"እንደ እርስዎ ያለ አንድ ሽማግሌ። የድርጅቱ ልጆች ክፉዎች አልነበሩም። ጥለት ሲዞር ምን ማለት እንደሆነ የነገራቸው አልነበረም፤ የሚያውቁትም እያወቁ ዝም አሉ።" ከዚያ ፊቱን ወደ እሳቸው መለሰ። "አሁን በስሜ ይጥሩኝ።"

አቶ ዘርጋው አፋቸውን ከፈቱ። የቀብሩን አፈር በእጃቸው አልብሰዋል፤ እድርተኛውን አስተዛዝነው ሸኝተዋል። ከአፋቸው የወጣው ግን ቪዲዮው ላይ የጻፉት ርዕስ ብቻ ነበር፦ "ልብ የሚሰብር የእናት ለቅሶ።" ጎልማሳው አልተቆጣም። ምስማሮቹን መልሶ በከንፈሩ ያዘና መሰላሉን ይዞ ሄደ። እሳቸውም በላብ ተዘፍቀው ነቁ።

ገና ሲነጋ ማተሚያ ቤት ደርሰው ሰይድን፣ ገጹን የሚጠብቀውን የረጅም ጊዜ ሠራተኛቸውን፣ "ለቅሶውን አውርደው" አሉት።

"ጋሼ፣ እንጀራችን እኮ እሱ ነው!"

"እንጀራችን አይደለም፣ የሰው ሬሳ ነው። አውርደው። ማስታወቂያ የሌለበትን ለእህቱ ብቻ ላክላት።"

ሰይድ አቀረቀረና አወረደው። እሳቸውም ቁልቁለቱን ወርደው የሺመቤት ደጅ ቆሙ። ይግቡ ብትላቸው አልገቡም።

"የሺ፣ አወረድኩት። የመጣሁት ግን ለሌላ ነው። የልጅሽን ስም ንገሪኝ። 'የየሺ ልጅ' እያልኩ ነው የቀበርኩት።"

እንባዋ ወረደ፤ ያቋረጠውም አልነበረም።

"አሰግድ" አለች።

ሕልሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እዚያው ደጇ ላይ ነገሯት። በሚቀጥለው እሑድ ለእድሩ፣ ከዚያም ለሌሎቹ አሳታሚዎች ሊነግሩ ወሰኑ። ከግቢዋ ሳይርቁ ስልካቸው ጮኸ።

"ጋሼ፣ ሜላት ነኝ። ውሉን ልላከው?"

"ቆዪ፣ ልጄ። አስቀድሜ ስለ አሰግድ ልንገርሽ። ጣሪያ የሚመታ ሰው ነበር።"