የጀርባው ስፌት

መምህር ፈለቀ ሸራው ሥር ገብቶ ከለቀስተኞቹ መካከል ቢቀመጥም ስለ ካባው አንድም ቃል አልተነፈሰም። አሲያ ግን ከጓዳ ሆና ስታየው፣ ዓይኑ ለምን ወደ ተዘጋው ሱቅ እየሄደ እንደሚመለስ ገብቷታል። ትምህርት ቤቱ ለዘውድ በዓል የጥንት መሳፍንትን ታሪክ በቴአትር ሊያሳይ ነው። የዋናውን መስፍን ካባ እንዲሰፋ የተሰጠው ለአባቷ ለነዚፍ ነበር። ነዚፍ ደግሞ ትናንት ተቀብሯል።

የአባቷ ወንድም፣ አጎቷ ኸድሩ፣ መርዶውን ሰምቶ ከይርጋ ጨፌ በጭነት መኪና የደረሰው ለቀብሩ ነው። ነገር የማያንዛዛ ነጋዴ ነው። ሰው ሲሳሳ ወደ ጓዳ ገብቶ፣ ጨርቁ ለመምህሩ እንዲመለስ፣ የስፌት መኪናው እንዲሸጥ፣ እሷም እሱ ቤት እንድትገባ ማሰቡን ነገራት። ክፋት አልነበረውም። እናቷን በልጅነቷ ያጣች ልጅ ብቻዋን እንዳትቀር ብሎ ነው።

"ሌላውን እንዳሉ ያድርጉት" አለችው አሲያ፤ "ጨርቁ ግን አይመለስም።"

ምክንያቱን የነገረችው ለጎረቤቷ ለእትዬ ኩልሱም ብቻ ነው፤ ሲኒ እያጠቡ፣ ጆሮዋ ሥር። ጨርቁ ተቆርጧል፤ ያውም ተጣሞ።

አጥላስ ክፉ ጨርቅ ነው። እንደ ሐር ያብለጨልጫል፣ እንደ ውሃ ከጠረጴዛ ላይ ይወርዳል። ሌሎቹ ሰፊዎች ሲሸሹት ነዚፍ ይቀበለው ነበር። አሲያን በልጅነቷ ከጎኑ አስቀምጦ፣ ከሥሩ ጋዜጣ አንጥፋ በእጇ እንድትወሰውስ፣ ከነወረቀቱ በመኪና እንድትሰፋ፣ በመጨረሻም ወረቀቱን ቀስ ብላ ቀድዳ እንድታወጣ አስተማራት። ስትጎትተው "አትታገይው፤ ሲይዙት ይሸሻል" ይላታል።

ካለፈው ዓመት ወዲህ ዓይኑ ደከመ። መርፌውን በዝምታ ያቀብላታል፣ እሷ ክር ታስገባለታለች። ውሎ አድሮ ስፌቱም የእሷ ሆነ። እሱ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ደንበኛ ይቀበላል፣ ይለካል። ማንም አላወቀም። መቀሱን ግን አልሰጣትም። የካባውን ጀርባ የቆረጠው እሷ ገበያ በሄደችበት ነው። ስትመለስ የጨርቁን ጠርዝ በአውራ ጣቱ እየዳበሰ አገኘችው።

"ቀጥ ብሏል?" አላት።

"ቀጥ ብሏል፣ አባባ።"

ብዙም ሳይቆይ ወባ ጣለው፤ አልተነሳም።

አሁን ከሸራው ሥር አንድ ሽማግሌ የነዚፍ መቀስ ስታ አታውቅም ሲል፣ ሌሎቹም እውነት ነው ሲሉ ትሰማለች። ጨርቁ ከተመለሰ ሰው ሁሉ ያየዋል። በለቅሶው ሁሉ አላለቀሰችም። የምታስበው ስለዚያ ጠማማ ጠርዝ ነበር።

ዱዓው ተደርጎ ሸራው ሲወርድ ሱቁን ከፈተች። የካባውን ጀርባ ከአንገት እስከ ታች መሀል ለመሀል ሰነጠቀችው፤ ጠማማውን ቆርጣ ጥላ ሁለቱን ወገን አቃንታ ገጠመች፤ በስፌቱ ላይ ወርቃማ ጥብጣብ አስኬደችበት። ሆን ተብሎ የተሠራ ጌጥ መሰለ።

ኸድሩ ሲገባ ከወለሉ ላይ ቅዳጁን አነሳ።

"ማን ነው እንዲህ የቆረጠው?"

"እኔ ነኝ።"

ቅዳጁን ወደ ብርሃን አቅርቦ ብዙ አየው። ከዚያ ቀጥ ያለውን የልጅቷን ስፌት አየ።

"የአባትሽ ዓይን የደከመው ከመቼ ጀምሮ ነው?"

አሲያ ጎንበስ ብላ የቀሩትን ቅዳጆች ሰበሰበች። ኸድሩ ቅዳጁን እንደያዘ ተቀመጠ። ለእኔ እንኳ አልነገረኝም አለ፣ ለራሱ። ቆይቶም የስፌት መኪናው ካለበት እንዳይነቃነቅ፣ እሷም እትዬ ኩልሱም ዘንድ እያደረች ሥራዋን እንድትሠራ ነገራት። ከዚያ ምን እንደቀራት ጠየቃት። የታች ዘርፉን ለመለካት ካባውን ለብሶ የሚቆምላት ሰው እንደሚያስፈልጋት ነገረችው።

ኮቱን አውልቆ ቆመላት። ካባውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጋ፣ ስፒሎቹን በከንፈሯ ይዛ ተንበረከከች፤ ዙሪያውን እያጠፈች አያያዘችው። ሲያልቅ የጀርባውን ስፌት ልታይ ዞር እንዲልላት በእጇ አመለከተችው።

ዞረ። ስፌቱ ቀጥ ብሎ ወርዷል። ከኋላ ሲታይ ግን አጎቷ አልነበረም፤ ያው የአባቷ ሰፊ ትከሻ፣ ያው ግራው ዝቅ ያለ።

አሲያ ተነሳች። የቀሩትን ስፒሎች ከከንፈሯ አንድ በአንድ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ከዚያ ግንባሯን ጀርባው ላይ አሳረፈች። ኸድሩ አልዞረም።