አራት ብርጭቆ የሚይዝ ማንቆርቆሪያ

ዘገዬ የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያውን እስከ አፉ ሞልቶ ገመዱን ሲሰካ፣ ሚስቱ በለጠች በሩን ተደግፋ ታየው ነበር።

"ከመስመሩ አልፏል፤ ይገነፍላል" አለችው።

"እንግዶቹን አንዴ አፍልቼ ሁለት ሁለት ብርጭቆ ነው የማጠጣቸው። ይልቅ ብርጭቆውን አለቅልቂ።"

"አራት ብርጭቆ ነው የሚይዘው።"

"ማን ነገረሽ?"

የነገረቻት ሃዎ ናት፤ ቀፊራ ገበያ ውስጥ ከጅቡቲ የመጣ ጨርቅና የቤት ዕቃ የምትሸጥ ሴት። ባለፈው ወር ይህንኑ ማንቆርቆሪያ ከፍታ፣ ውስጡ የተጠመጠመውን ብረት እያሳየቻት፣ "ውሃው ይህን ካልሸፈነ ይቃጠላል፤ ከዚህ መስመር ካለፈ ደግሞ ወላሂ ይተፋል። ለአንቺና ለባልሽ ሁለት ሁለት ብርጭቆ ይደርሳችኋል" ብላት ነበር። በለጠች ገንዘብ ይዛ እስክትመለስም ለሌላ እንደማትሸጠው ቃል ገብታላት ነበር። በሳምንቱ ዘገዬ የቀበሌውን ጥበቃዎች አስከትሎ፣ "ኮንትሮባንድ" ብሎ ሱቋን ባዶ አስቀረው። ጨርቁ ቀበሌ መጋዘን ገባ። ማንቆርቆሪያው ግን ከዚራ ሰፈር፣ እነሱ ቤት ገባ።

በለጠች ያን ቀን አልጮኸችም። ዘገዬ ባቡር ጣቢያ ትኬት ቆራጭ ሳለ የማያውቀውን ሰው ይጠይቅ ነበር። ቀበሌ ገብቶ ሽጉጥ ከታጠቀ ወዲህ መጠየቅን እንደ ውርደት ቆጠረው፤ ቤቱ ውስጥ ወጥ እንኳ የሚያዘው በስብሰባ ቋንቋ ነው። እሷም መናደዱ ራሱ ያታክታት ጀመር።

እንግዶቹ ሦስት ነበሩ፤ የዘገዬ የበላይ ጓድ ገብረ መድኅንና ሁለት ተከታዮቻቸው። ዛሬ ደስ ብሏቸው ከሄዱ ሹመቱ አይቀርም ብሎ ዘገዬ ከጠዋት ጀምሮ ሲንቆራጠጥ ውሏል።

"ዘመናዊ ነው ጓድ፤ ከሰል የለ፣ ጭስ የለ" እያለ ሲያብራራ ውሃው ፈላ። ክዳኑን ገፍቶ ወጣ፣ የጠረጴዛውን ልብስ አራሰ፣ ገመዱን ተከትሎ ወርዶ መሰኪያውን አጨሰው። መብራት ተቋርጦ የጣሪያው ቬንትሌተር ቆመ። ዘገዬ ገመዱን ሊነቅል ሲል የተቃጠለ እጁን እፍ እያለ ቀረ።

ገብረ መድኅን ሳቁ። "ከየት አመጣኸው ይህን ጉድ?"

"ወንድሜ ነው ከጅቡቲ የላከልኝ።"

"ወንድም የለውም" አለች በለጠች፣ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ። "ቀፊራ ከሃዎ ሱቅ የወረሰው ነው። መጋዘን አላገባውም።"

የዘገዬ ፊት አመድ መሰለ። ሁለቱ ተከታዮች ዓይናቸውን ጣሪያው ላይ ሰቀሉ። ገብረ መድኅን ማንቆርቆሪያውን አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዩትና፣

"ተለቅ ያለ አልነበራትም?" አሉ።

በለጠች ቁጣ ጠብቃ ነበር፤ ቢቀር ቢቀር እፍረት። አለቃውንና ባሏን ተራ በተራ አየቻቸው። ይህን ሁሉ ዘመን ባሏን ብቻ ስትንቅ ኖራ፣ ንቀቷን እንዲህ ማሳነሷ ገረማት።

ገንፍሎ የተረፈው ውሃ መስመሩ ላይ ቆሟል። የሻይ ቅጠሉን ማጥለያ ላይ አድርጋ ለሦስቱ እንግዶች ቀዳች። አራተኛውን ስትቀዳ ዘገዬ ደህናውን እጁን ዘረጋ።

ብርጭቆውን ይዛ አልፋው ሄደች። የእሱን ወንበር ስባ ከገብረ መድኅን ፊት ለፊት ተቀመጠችና ዓይን ዓይናቸውን እያየች፣

"ስኳሩን አቀብለኝ" አለቻቸው።