የኤሊ አባት

መካኒኩ ሰውየውን ገና ከጋራዡ በር ላይ ሲያየው ደሙ ፈላ። የድሮ አለቃው ነው። ሥራውን ተጠንቅቆ ስለሠራ ብቻ በሠራተኛ ሁሉ ፊት «ኤሊ» ብሎ የሰየመው፣ ስሙ ተጣብቆበት የገዛ ሚስቱ እንኳ ሳትቀር እስክትጠራበት ያደረሰው፣ በመጨረሻም ያባረረው እሱ ነው። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ጥርሱን ነክሶ ጠብቆታል።

«ኧረ ኤሊ! አለህ እንዴ?» አለ አለቃው፣ ባለ አራት ጎማ ሞተር ከመኪና ላይ እያስወረደ። «ለልጄ ነው። ሻጮቹ አንቀው ነው የሰጡኝ፣ አይሮጥም። ቅዳሜ ልደቷ ነው፤ ዘመድ ፊት እንዲበርልኝ አድርገው።»

«ስንት ዓመቷ ነው፣ አለቃ?»

«ዘጠኝ። ደግሞ ስለ ሄልሜት እንዳትነግረኝ፣ ፀጉሯን ተሠርታ ነው የምትውለው።»

ጋዝ መስጫው ላይ ፍጥነቱን የምትገድብ አንዲት ትንሽ ብሎን አለች። እሷን መፍታት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። የአለቃው ግቢ ደግሞ ቁልቁለት ነው፤ መጨረሻው የድንጋይ ግንብ። መካኒኩ ያውቀዋል፣ የግቢውን በር የበየደው እሱ ነው። ካቻቢቴውን አነሳ። «ራሱ አይደል እንዲበር አድርገው ያለኝ?» አለ በሆዱ። «እኔ ምን አገባኝ!»

ይህን ጊዜ ከአባቷ ጋር የመጣችው ልጅ ሞተሩ ላይ ወጥታ ተቀምጣ ነበር።

«ጋሼ፣ ፍሬኑ የቱ ነው?»

አሳያት። ጣቶቿን ዘረጋች፤ የፍሬኑን እጀታ በጥፍሯ ጫፍ ብቻ ነካችው። መካኒኩ እነዚያን ጣቶች አየና ካቻቢቴውን አስቀመጠ። ቂሙ ከአባትየው ጋር ነው፤ ከእሷ ጋር ምን አለው?

«አለቃ፣ ነገ ይውሰዱት» አለ። የፍሬኑን እጀታ ለጣቶቿ አቀረበላት። ብሎኗን ግን በመፍታት ፈንታ እስከ መጨረሻው አጠበቃት። ይህን ሲያደርግ ለብቻው ይስቅ ነበር።

ቅዳሜ ከግቢው አጥር ውጭ ቆሞ ጠበቀ። አለቃው እንግዶቹን ዳር አስይዞ «ዞር በሉ፣ እንዳትገጫችሁ!» ብሎ ጮኸ። ልጅቷ ጋዝ ሰጠች። ሞተሩ አጓራ፣ ጭስ ተፋ፣ ከዚያም እየተንፏቀቀ ጉዞ ጀመረ። የአለቃው አማት ምርኩዛቸውን ይዘው ጎን ለጎን ተራመዱ፣ ቀደሙትም።

«አንተ፣ ለልጅህ ኤሊ ነው እንዴ የገዛህላት?» አሉ ዞር ብለው።

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ልጆቹ «ኤሊ! ኤሊ!» እያሉ አጀቡት። ልጅቷም አብራ ትስቃለች። የመካኒኩ አንጀት ቅቤ ጠጣ።

አለቃው አየው። ዓይኑ ቀልቶ ወደ አጥሩ ሮጠ። «ሰው ፊት ታዋርደኛለህ? ግባና አሁኑኑ ፍታው!»

መካኒኩ ካቻቢቴውን በአጥሩ ላይ አቀበለው። «እንካ፣ ራስህ ፍታው» አለ። በዕድሜው ሙሉ ለመጀመሪያ ጊዜ «አንተ» አለው። «ግን ጮክ ብለህ ንገራቸው። ልጄ ያለ ሄልሜት፣ በቁልቁለት፣ በሙሉ ጋዝ ወደ ግንቡ ትሂድልኝ በልና ፍታው!»

«ያለ ምን?» አሉ አማትየው፣ ምርኩዛቸውን እያንኳኩ ቀርበው። «ወደ የቱ ግንብ?»

አለቃው ካቻቢቴውን ከጀርባው ሊደብቅ ሞከረ። አማትየው ካቻቢቴውን ከእጁ ነጥቀው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። «ሄልሜት እስኪገዛልሽ ውረጂ፣ ልጄ» አሏት።

ሄልሜቱ ሰኞ ተገዛ። ብሎኗም እንደጠበቀች ቀረች። ሰፈሩ ግን አለቃውን «የኤሊ አባት» ማለት ለመደ። በጋራዡ በር ባለፈ ቁጥር መካኒኩ እጁን ጨርቅ ላይ እየጠረገ ብቅ ይልና ድምፁን ሞልቶ ይጠራዋል፦

«የኤሊ አባት! እንዴት አደርክ?»

አንድም ቀን ሳይጠራው ቀርቶ አያውቅም።