የመሀሉ ተራራ

ሠራተኛው ሁሉ «ጀሶ» ይላታል። ፀጉሯ፣ ቅንድቧ፣ የጫማዋ ማሰሪያ ሳይቀር ነጭ አቧራ ሳይለብስ የዋለበት ቀን የለም። በሳይንስ ሙዚየሙ ምድር ቤት ሦስት ዓመት ሙሉ ጎንበስ ብላ የሠራችው አንድ ነገር ነው፦ ጨረቃ ላይ ያለ፣ ዘጠና ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ጉድጓድ፣ በጀሶ፣ አዳራሽ በሚሞላ ልክ። ፎቶግራፎቹ ላይ ጥላውን በማስመሪያ እየለካች የእያንዳንዱን ጫፍ ከፍታ አወጣች። ተንዶ እንደ ደረጃ የተደራረበውን የግድግዳውን እርከን በማንኪያ ጀርባ ቀረጸች። ቀልጦ የረጋውን ወለል አለሰለሰች፤ መሀሉ ላይም ተራራውን አቆመች። አፋፉ ላይ የተበተኑትን ትንንሽ ጉድጓዶች በአውራ ጣቷ ስትጫን የእጇ አንጓ ተበላሽቶ ቀረ።

አለቃዋ፣ የኤግዚቢሽን ክፍል ኃላፊው፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ ምድር ቤት የወረደው አራት ጊዜ ነው። በወረደ ቁጥር «እንዴት ነሽ፣ ላም አለኝ በሰማይ!» ይልና በራሱ ቀልድ ስቆ ይመለሳል።

ምረቃው አንድ ሳምንት ሲቀረው ቅርጹ ላይ የሚለጠፈው የናስ ሰሌዳ መጣ። «ጥናትና ቅርጽ» ይልና ከሥሩ የአለቃው ስም ብቻ።

«የኔስ ስም?» አለችው ቢሮው ገብታ።

«አንቺ እኮ እጅ ነሽ። እጅ ደግሞ ስም የለውም። ይልቅ የምረቃውን ንግግር ጻፊልኝ፣ እኔ ጊዜ የለኝም።»

ጥርሷን ነክሳ ወጣች። ቤት ስትገባ ታላቅ እህቷ ነገሩን ሰምታ «ተይው እህቴ፣ ለፈጣሪ ስጪው» አለቻት።

«እሱ ሥራ ይበዛበታል፤ ይቺን እኔው እጨርሳታለሁ።»

ንግግሩን አሳምራ ጻፈችው። ስለ እርከኑ፣ ስለ ወለሉ፣ ከአፋፉ እንደ ጨረር ስለሚዘረጋው ነጭ ትቢያ የጻፈችው ሁሉ እውነት ነው። አንዲት አንቀጽ ላይ ብቻ፣ ጉድጓዱ መሀል ላይ የቆመው ተራራ እሳተ ገሞራ ነው፣ ጉድጓዱንም የቆፈረው የእሱ እሳት ነው አለች። ሰውዬው አስቀድሞ እንደማያነበው ታውቀዋለች።

የምረቃው ጠዋት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። እሷን በር ላይ አቆሟት። አለቃው ከቅርጹ አጠገብ መጠቆሚያ ዱላ ይዞ፣ ደረቱን ነፍቶ እያነበበ እሳተ ገሞራው ላይ ሲደርስ ጉርምርምታ ተነሣ። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት የሥነ ፈለክ ፕሮፌሰር፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ከዘራቸውን አነሡ።

«ይቅርታ፣ እሳተ ገሞራ ነው ያሉት?»

«አዎን፣ እሳተ ገሞራ!»

«በምን አረጋገጡ?»

ገጹን ገለበጠ፤ መልሶ ገለበጠ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፣ ሳቁ ተዛመተ። የአለቃው ግንባር በላብ ራሰ።

«እኔ አይደለሁም!» ብሎ ጮኸ። «እሷ ናት የጻፈችው! ቅርጹንም የሠራችው እሷው ናት፣ እኔ እጄን አላስነካሁም!»

ጀሶ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። በሰው መሀል አልፋ መጠቆሚያውን ዱላ ከእጁ ወሰደች።

«ጉድጓዱን የቆፈረው ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ ነው» አለች። «አለቱን ደፈጠጠው። የተደፈጠጠው አለት ግን ተመልሶ ወደ ላይ ተነሣ። ተራራው እሱ ነው።»

ፕሮፌሰሩ ትክ ብለው አዩዋት። «እንግዲያ እያወቅሽ ነው የተሳሳተ የጻፍሽለት?»

«አዎን፣ እያወቅኩ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፣ አባቴ።»

በሳምንቱ የሙዚየሙ ዳይሬክተር ሁለቱንም ጠራቸው። ሰሌዳው ተነቅሎ በእሷ ስም ተተካ፤ እሷ ግን ሆን ብላ ሐሰት ጽፋለችና ከሥራ ተሰናበተች። አለቃው ከቢሮው ወርዶ መግቢያው በር ላይ ትኬት ቆራጭ ሆነ።

አሁን የቤት ጣሪያ ጌጥ በጀሶ እየሠራች ትኖራለች። እሁድ እሁድ ንጹሕ ቀሚሷን ለብሳ ሙዚየም ትሄዳለች።

«ያንን ጉድጓድ አይተሽ አልጠገብሽም?» አለቻት እህቷ።

«እሱንማ ጠግቤዋለሁ። የምሄደው ትኬት ላስቆርጥ ነው።»

«እስከ መቼ?»

«ጡረታ እስኪወጣ» አለችና ጫማዋን ማሰር ጀመረች።