የቀደመው ቃል

አባ ኪሊት የገዳሙን ማኅተም መያዝ ከጀመሩ ወዲህ ሰው በቀላሉ አያምኑም። በሃንጋሪ ምድር መሬቱን የሚሸጥም የሚለቅም መነኮሳት ፊት ቀርቦ ቃሉን ይሰጣል፤ እነሱ ጽፈው ያትማሉ። የታተመውን ዳኛ ይቀበለዋል። ስለዚህ አንዳንዱ አጭበርባሪ የመሬቱ ባለቤት ነኝ የሚል ሌላ ሰው ይዞ ይመጣል።

ዛሬ የመጣው ፖሻ ነው። የሟች ወንድሙን ሚስት ቦርባላን አስከትሏል፤ የባሏን የወይን ቦታ ልትለቅልኝ ነው አለ። ሴትየዋ እስከ አፍንጫዋ ተከናንባለች።

"ምነው እሷ አትናገርም?" አሉ አባ ኪሊት።

"ሐዘን ነዋ፣ አባቴ። ደግሞ ጥርሷን ያማታል።"

"አንዱን ምረጥ እንጂ።"

ፖሻ ሳቀ። "ያዘነ ሰው ጥርሱን አያመውም እንዴ?"

አባ ኪሊት ሌላ ሴት ናት ብለው ስለጠረጠሩ የመንደሯን ቄስ አስጠሩ። ቄሱ ገልጠው አዩዋት።

"ራሷ ናት። ያጋባኋት እኔ ነኝ።"

ሴትየዋ ግን "አይደለችም" ቢሏት ደስ የሚላት ትመስል ነበር። አባ ኪሊት ይህን ልብ አሉ።

"መጀመሪያ መሠዊያው ፊት ትጸልይ" አሉ። "አንተ ሰይፍ ታጥቀሃል፤ እዚሁ ቆይ።"

አንድ መነኩሴ ለምስክርነት ጨምረው ወደ ውስጥ አስገቧት።

"ማን ነው ያስገደደሽ?"

"ልጄ እሱ ቤት ናት፣ አባ። ውሉ ካልታተመ አይመልሳትም። እባክዎ ያትሙልኝ!"

አላትምም ቢሉ ልጅቱ በፖሻ እጅ ትቀራለች፤ ቢያትሙ የልጅቱ ርስት ይሄዳል።

"እንግዲያው አስቀድመሽ ለእኛ ተናገሪ። 'አሁን የምሰጠው ቃል ተገድጄ ነው፣ አልስማማበትም' በይ። እናትመዋለን። ልጅሽ ስትመለስ ይህን ጽሑፍ ወስደሽ ለዳኛ ታሳያለሽ።"

"ሁለቱንም ያትማሉ? አንዱ ውሸት አይሆንም?"

"እኛ የምናትመው ፊታችን የተባለውን ነው። የቱ እንደቀደመና ለምን እንደተባለ ዳኛው ያያል።"

ከዚያ ወጥታ የወይኑን ቦታ ለቅቄያለሁ አለች። ፖሻ ብራናውን ተቀበለ።

"ጸሎቷ ረዘመሳ" አለ ዓይኑን ወደ ውስጥ ወርወር አድርጎ።

"ላንተም ጨምራ ጸልያ ይሆናል።"

አልሳቀም።

ከቀናት በኋላ ቦርባላ ልጇን ይዛ መጣች። አባ ኪሊት የቀደመውን ብራና አውጥተው ሰጧት። ማኅተሙን አገላብጣ አየች፤ ከዚያ ቀና ብላ፣

"ለፖሻም ከዚህ የቀደመ፣ ይህን የሚያፈርስ ሌላ ጽሑፍ አትመው አልሰጡትም?" አለች።

አባ ኪሊት አልተቀየሙም።

"አልሰጠሁም። መጠየቅሽ ግን ደግ አደረግሽ። አሁን ፖሻ ሳይቀድምሽ ወደ ዳኛው ሂጂ።"